አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየተነሳ ሳለ

በድሬዳዋ ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎችና ለቢሮ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከየሥራችሁ ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከከዚራም፣ ከመጋላም፣ ከሳቢያንም የመጣችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የጥገና ሱቅ አላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ሒሳብ ክፍልና መዝገብ ቤት ነው የምትሠሩት። ጉዳዩ ሁላችሁንም ስለሚነካ ነው አንድ ላይ የጠራናችሁ።

በየቢሮው ጥግ ማንም እንዳይነካው የተባለ አንድ ኮምፒውተር አለ። «እሱን ተዉት፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ እዚያ ላይ ነው» ይባላል። አዲስ ኮምፒውተር ቢገዛም እሱ ከቦታው አይነሳም። ያንን ኮምፒውተር እንዳለ፣ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙ፣ ከነሴቲንጉ ወደ አንድ ፋይል ቀድቶ ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ቨርቹዋል ማሽን ማስነሳት ይቻላል። ዛሬ የምናየው ይህንን ነው። ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን ሥራው መሠራት ያለበት ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ ሳለ መሆኑን ነው። ከሞተ በኋላ ዲስኩ ቢተርፍ እንኳን ሥራው በጣም ይከብዳል። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

«ዳታውን ፍላሽ ላይ ይዘናል፣ ምን ቸገረን?» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ዳታውን ያዛችሁ፤ የሚከፍተው ፕሮግራምስ? ሲዲው የት ነው? የገባው ቁልፍ የት ተጽፏል? የጫነው ልጅ ዛሬ የት ነው ያለው? አብዛኛው ቢሮ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም። የጽሑፍ ሥራ የምትሠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባችሁ። አማርኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈው ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና ውል አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ነገር ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ፎንትና ፕሮግራም ነው የሌለው። ያ ፎንት በትክክል ተጭኖ የሚሠራው እዚያ ጥግ ላይ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የከተማችን የብዙ ዓመት ጽሑፍ የተቀመጠው እንዲህ ባሉ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነውና።

ድሬ ደግሞ ለኮምፒውተር አትራራም። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ባለሙያዎች በግምት ያሰላሉ። በዚያ ላይ አቧራው አየር መግቢያውን ይደፍነዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ፓወር ሰፕላዩን ይመታል። ሁላችሁም ከፍታችሁ ያያችሁት ነገር ነው፤ ፋኑ ላይ የተጋገረው አፈር፣ ጫፋቸው አብጦ ቡናማ ፈሳሽ ያወጡ ካፓሲተሮች። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ዛሬ ተነሳ ማለት ነገ ይነሳል ማለት አይደለም።

ስለ ቨርቹዋል ማሽን ራሱ ብዙ አላስረዝምም። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ኔትወርክ ካርድ ያለው። ዲስኩ ግን ፋይል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም በትላልቅ ማሽኖቹ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀምሮት በ1972 ለገበያ አውጥቶታል። እኛ በምንጠቀምባቸው ፒሲዎች ላይ የተለመደው ግን ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የመጀመሪያውን ምርቱን ካወጣ በኋላ ነው። ዛሬ ቨርቹዋልቦክስን በነፃ ታገኙታላችሁ፤ ሃይፐር-ቪ ከዊንዶውስ ፕሮ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሊነክስ ለምትጠቀሙ ደግሞ ኬቪኤምና ኪውኢሙ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው። መቅዳት ቀላል ነው፤ አንድ ፕሮግራም ከፍታችሁ አንድ በተን ትጫናላችሁ። ሰው የሚወድቀው የተቀዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ነው። አዲስ ቤት የገባ ሰው ሌሊት ሲነሳ የመብራት ማብሪያውን በድሮ ቤቱ ቦታ ላይ ነው የሚዳብሰው። ዊንዶውስም እንደዚያ ነው። ሲጫን የነበረውን የዲስክ ኮንትሮለር፣ ማለትም ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ ያውቃል፣ ሲነሳም የሚፈልገው እሱን ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ያለው ኮንትሮለር ሌላ ነው። ዲስኩን ማንበብ የሚጀምርበት ድራይቨር፣ ማለትም ኮንትሮለሩን የሚያዝበት ትንሽ ፕሮግራም፣ ካልተዘጋጀ፣ ድራይቨሩ ዲስኩ ውስጥ ተቀምጦ እያለ ዊንዶውስ ሊደርስበት አይችልም። ያኔ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል፣ ታች የሚጻፈው ቁጥር በ7ቢ ያልቃል። በዚህ ሥራ ላይ እንደ እሱ ደጋግማችሁ የምታገኙት ስህተት የለም።

ኮምፒውተሩ በሕይወት ሳለ ይሠራ የምለውም ለዚህ ነው። እየሠራ ያለ ዊንዶውስ ውስጥ ገብታችሁ ድራይቨሩን አስቀድማችሁ ማዘጋጀት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ከሞተ በኋላ ግን ከውጭ ሆናችሁ የሌላ ዊንዶውስ ሪጅስትሪ፣ ማለትም ዊንዶውስ ሴቲንጉን የሚይዝበትን መዝገብ፣ እየከፈታችሁ መጠገን ይኖርባችኋል።

ስለዚህ ከመቅዳታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ወረቀት ያዙ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስትከፍቱ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም ውስጥ፣ ግቡና ሳታ ሞድ የሚለውን፣ የዲስክ ኮንትሮለሩ የሚሠራበትን ዓይነት፣ እዩ፤ አይዲኢ ነው፣ ኤኤችሲአይ ነው ወይስ ሬድ? ጻፉት። የባዮስ ባትሪው፣ ያቺ ክብ ባትሪ፣ ከሞተች ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ይህ ምርጫ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል። በደንብ ይሠራ የነበረ ዊንዶውስ አንድ ቀን በድንገት «አልነሳም» ሲል መንስኤው አንዳንዴ ይሄ ብቻ ነው። ባትሪውን ቀይሩና በጻፋችሁት መልሱት። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ከመደበኛው ባዮስ ነው የሚነሳው ወይስ እሱን ከተካው ከአዲሱ ዩኢኤፍአይ? የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር የሚባለው ከሆነ ባዮስ ነው፣ ጂፒቲ ከሆነ ዩኢኤፍአይ ነው። ይህንን የማታውቁ ከሆነ በኋላ ማሽኑን ስትሠሩ ትሳሳታላችሁ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትቀራላችሁ።

ከዚያ የኮምፒውተሩን ስም፣ አይፒ አድራሻውን፣ የኔትወርክ ካርዱን ማክ አድራሻ (የካርዱን መለያ ቁጥር)፣ ሼር የተደረጉትን ፎልደሮች ጻፉ። የአድሚኒስትሬተሩን ፓስወርድ ሞክሩት። «አውቀዋለሁ» በማለት ብቻ አትለፉት፤ ዶሜይን ላይ ያለ፣ ማለትም ተጠቃሚዎቹ በአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር የሚመዘገቡበት፣ ኮምፒውተር ከሆነ የራሱ የኮምፒውተሩ አካውንት መኖሩን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም የተቀዳው መጀመሪያ የሚነሳው ኔትወርክ ሳይኖረው ነው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ክፈቱት።

ድራይቨሩስ? ኤክስፒ ከሆነ ዊንዶውሱ የተለመዱትን የአይዲኢ ኮንትሮለሮች ሁሉ እንዲያውቅ የሚያደርግ የታወቀ የሪጅስትሪ ማስተካከያ አለ፤ መርጅ አይዲኢ ይባላል። እሱን አስገቡ። ዊንዶውስ 7 ከሆነ ደግሞ ሪጅስትሪው ውስጥ ሰርቪስስ ከሚለው ሥር ኤምኤስኤኤችሲአይ የሚለውን፣ የዊንዶውሱን የራሱን የኤኤችሲአይ ድራይቨር፣ ፈልጉና ስታርት የሚለው ላይ 3 ካገኛችሁ 0 አድርጉት። 3 ማለት ሲያስፈልግ ይነሳል ማለት ነው፤ 0 ማለት ገና ዊንዶውስ ሲጀምር ይነሳል። ኢንቴል የራሱን የዲስክ ድራይቨር በጫነባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ 3 ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንድ ቁጥር ናት፤ ሰማያዊውን ስክሪን የምታስቀረው እሷ ናት።

የሒሳብ ክፍል ሰዎች፣ አሁን የእናንተ ድርሻ። በምንቀዳበት ሰዓት ፒችትሪ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይዘጋ። ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ መቅዳት የሚቻለው ሻዶው ኮፒ በሚባል ዘዴ ዲስኩን በአንድ ቅጽበት እንዳለ ስለሚይዘው ነው። ያኔ አንድ ሠራተኛ ቫውቸር እያስገባ ከሆነ ግማሹ ዲስክ ላይ የተጻፈ፣ ግማሹ ያልተጻፈ ሆኖ ሊያዝ ይችላል። ባክአፑን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ዝጉ፣ ከዚያ ጥሩን። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዓመቱ ሲዘጋ፣ ይህንን ሥራ ማንም እንዳያስጀምራችሁ።

ለመቅዳት እኔ የምመርጠው ዲስክቱቪኤችዲ ነው። ማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ ከሚላቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ ነፃ ነው፣ መጫን አያስፈልገውም፣ ፋይሉ ራሱ ትንሽ ነው። ትከፍቱታላችሁ፣ የዲስኩን ክፍሎች በዝርዝር ያሳያችኋል፣ ሲ ድራይቭን ብቻ ሳይሆን ስም የሌላትን ትንሿን የቡት ክፍልም ምልክት አድርጉ። እሷ ካልተቀዳች የሚነሳ ነገር የለም። የሚጻፍበትን ቦታ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አድርጉት፤ ነገር ግን ፎርማቱን እዩ። ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ጊዜውን ለመገመት ያህል፣ 80 ጊጋባይት በዩኤስቢ 2 ወደ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ በድሮው 100 ሜጋቢት ኔትወርክ ደግሞ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ዩፒኤሱ ይህንን ያህል ይይዛል ወይ? ካልያዘ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ጀምሩት፤ የአካባቢያችሁን መብራት ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

አንድ ነገር አደራ። የተቀዳውን ፋይል በዚያው በተቀዳበት ኮምፒውተር ላይ ለማየት ብላችሁ አትክፈቱት። ዊንዶውስ እያንዳንዱን ዲስክ የሚለይበት ፊርማ አለው፤ ቅጂው ደግሞ ያንኑ ፊርማ ይዟል። ሁለት አንድ ዓይነት ፊርማ ሲያይ ዊንዶውስ ለቅጂው አዲስ ይሰጠዋል። የቅጂው የማስነሻ መዝገብ ግን ዲስኩን የሚፈልገው በድሮው ፊርማ ነው፤ ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽኑ አይነሳም። ማየት ካማራችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እዩት።

የዲስክቱቪኤችዲ የአሁኑ ዕትም ኤክስፒ ላይ አይሠራም። ለኤክስፒ፣ ወይም ድምፁ ተቀይሮ መቀጥቀጥ ለጀመረ ዲስክ፣ ሌላ መንገድ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ዲስኩን አውጡ፣ በዩኤስቢ አዳፕተር ሊነክስ ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኙት፣ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ቅዱት። ይህ ፕሮግራም ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ይቀዳል፣ የተበላሹትን ሴክተሮች እያለፈ ይሄድና በኋላ ተመልሶ ይሞክራቸዋል። ለእኛ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የቀዳውንና ያልቀዳውን በአንድ ትንሽ ማፕ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ ያንኑ ትዕዛዝ ደግማችሁ ስትሰጡት ካቆመበት ይቀጥላል። የታመመን ዲስክ ከመጀመሪያው ደጋግሞ ማንበብ ማለት ዲስኩን መጨረስ ነው፤ ስለዚህ ማፕ ፋይሉን ሳትሰጡ አትጀምሩ። ቅጂውን በኪውኢሙ ወይም በቨርቹዋልቦክስ መሣሪያ ወደሚፈለገው ዓይነት ትቀይሩታላችሁ፤ ይህ የአንድ መስመር ትዕዛዝ ነው።

አሁን ማሽኑን ስንሠራ የጻፍነው ወረቀት ይመጣል። ባዮስ ከነበረ ባዮስ፣ ዩኢኤፍአይ ከነበረ ዩኢኤፍአይ። ሃይፐር-ቪ ላይ ይህ ጀነሬሽን 1 ወይም 2 በሚል ይመጣል፤ አንዴ ከመረጣችሁ አይቀየርም። የድሮ ዊንዶውስ ሁሉ ጀነሬሽን 1 ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ዲስኩን ለኤክስፒ ከአይዲኢ ኮንትሮለር ጋር አገናኙት፤ ኤክስፒ የኤኤችሲአይ ድራይቨር ይዞ አልተወለደም። ሜሞሪውን አታብዙ፤ ለኤክስፒ 1 ጊጋባይት ይበቃዋል። ኔትወርኩንም ለመጀመሪያው ጊዜ አላቅቁት፤ አሮጌው ኮምፒውተር አሁንም ቢሮ ውስጥ በርቶ ከሆነ ሁለቱ በአንድ ስምና በአንድ አይፒ ይጋጫሉ፣ የሌሎቹ ፒችትሪም የቱን እንደሚይዝ አይታወቅም።

ተነሳ እንበል። መጀመሪያ ስክሪኑ በትልልቅ ምስል፣ በደበዘዘ ቀለም ይመጣል፤ አዲስ ሃርድዌር አገኘሁ እያለ መልእክት ይደረድራል። ተዉት፣ ይጨርስ። ሪስታርት ሲጠይቅ እሺ በሉት። ከዚያ የድሮውን ሃርድዌር አጋዥ ፕሮግራሞች፣ የኢንቴሉን የዲስክ መሣሪያ፣ የግራፊክስ ካርዱን፣ የድምፁን አውጡ፤ የቨርቹዋል ማሽኑን የራሱን ድራይቨሮች ጫኑ። አይፒውን ልትሰጡት ስትሉ «ይህ አድራሻ ለሌላ ካርድ ተሰጥቷል» ይላችኋል፤ ሌላ ካርድ ግን አይታያችሁም። ያ የድሮው ኮምፒውተር ካርድ ነው፤ አካሉ የለም፣ መዝገቡ ግን አለ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የተደበቁት እንዲታዩ አድርጉና አጥፉት።

ካልተነሳና 7ቢ ከመጣ፣ በመጀመሪያ ዲስኩን ከሳታ ወደ አይዲኢ ወይም ከአይዲኢ ወደ ሳታ ቀይራችሁ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ በዚያው ይፈታል። ካልሆነ የዲስኩን ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሲስተም የሚለውን የሪጅስትሪ ፋይል በሪጅስትሪ ማረሚያው፣ በሬጅኤዲት፣ ጫኑት። እዚያ ካረንት ኮንትሮል ሴት የሚለውን አታገኙትም፤ እሱ ዊንዶውሱ ሲነሳ ብቻ የሚፈጠር ነው። ሲሌክት የሚለው ሥር የቱ ቁጥር እንደሚሠራ አይታችሁ፣ ብዙ ጊዜ ኮንትሮል ሴት 001 ነው፣ እዚያ ውስጥ የኤምኤስኤኤችሲአይን ያችን 3 ወደ 0 ቀይሩ። አስቀድመን በጥቂት ደቂቃ ልንሠራው የምንችለው የነበረው ይህ ነው።

ሊነክስ ለምታስተዳድሩ በአጭሩ፦ ዲስኮቹ በስም ሳይሆን በዩዩአይዲ (በመለያ ቁጥራቸው) መመዝገባቸውን አረጋግጡ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ሊነክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጭነውን ፋይል) የቨርቹዋሉን ድራይቨር እንዲይዝ አድርጋችሁ ዳግም ሥሩት፤ የኔትወርክ ካርዱ ስም ስለሚቀየር ሴቲንጉን አስተካክሉ። ከዚህ በላይ ብዙም አያስቸግራችሁም።

ፈቃድን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ከኮምፒውተሩ ጋር ተለጥፎ የመጣ የዊንዶውስ ፈቃድ የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ወደ ቨርቹዋል ስታዛውሩት አክቲቬሽን ሊጠይቅ ይችላል፣ ለድርጅቱም ተገቢውን ፈቃድ መግዛት ግዴታው ነው። ይህንን ለአለቆቻችሁ ከሥራው በፊት ንገሯቸው። በማክ አድራሻ የተቆለፈ ፕሮግራም ካለ ያንኑ አድራሻ ለቨርቹዋሉ ካርድ መስጠት ይቻላል፤ የድሮው ከኔትወርክ ከወጣ በኋላ። በፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር የተቆለፈው ደግሞ ቁጥሩ አብሮ ስለሚቀዳ አያስቸግርም።

ወደ ቨርቹዋል የማይቀየርም አለ። የዶሜይን ኮንትሮለር ሰርቨርን እንዲህ እየሠራ ሳለ አትቅዱ፤ የድሮውና ቅጂው ሁለቱም ከተነሱ የተጠቃሚዎቹ መዝገብ ይጣላል፣ ማስታረቁ ከባድ ነው። አዲስ ቨርቹዋል ሠርታችሁ ኃላፊነቱን ማዛወር ነው ያለባችሁ። ሁለተኛ፣ ኤክስፒ የደኅንነት ማስተካከያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 8 ቀን 2014 ጀምሮ ነው፤ ዊንዶውስ 7 ከጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እንኳን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ አብቅቷል። ቨርቹዋል ስላደረጋችሁት ወጣት አልሆነም። ኢንተርኔት አትስጡት፤ የሚፈልጉት ኮምፒውተሮች ብቻ እንዲያገኙት አድርጉ።

ቅጂው የት ይቀመጥ? አንድ ፋይል መሆኑ እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሌሊት ያደረሰብንን የሚረሳ ድሬዳዋ ውስጥ የለም፤ የሰው ሕይወት ነው የጠፋው፣ ስለ ወረቀትና ስለ ዕቃ ማንም ያሰበ አልነበረም፣ ማሰብም አይገባም ነበር። ግን ዛሬ ማሰብ እንችላለን። ቢሯችሁ መጋላ ከሆነ ሁለተኛው ቅጂ ከወንዙ ማዶ ከዚራ ይቀመጥ፤ ከዚራ ከሆነ መጋላ። ምድር ቤት አይሁን። ስናፕሾትን፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዘውን፣ ደግሞ እንደ ባክአፕ አትቁጠሩት፤ እዚያው ዲስክ ላይ ነው ያለው፣ ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ቅድም እረፍት ላይ አንዲት እህት ከሒሳብ ክፍል የጠየቀችኝን ለሁላችሁ ልመልስ። ፕሮግራሟ የሚከፈተው ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ቁልፍ ሲኖር ብቻ ነው፤ ቨርቹዋል ሲሆን ምን ይሆናል? ቁልፉ አይቀዳም። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ትሰካለች፣ ቨርቹዋልቦክስ ላይ ደግሞ የዩኤስቢ ፊልተር ተሠርቶ ቁልፉ በቀጥታ ለቨርቹዋሉ ይሰጣል። ሃይፐር-ቪ ግን እንዲህ ያለውን ቁልፍ በራሱ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ቁልፍ ያለበት ፕሮግራም ካላችሁ የቱን እንደምትጠቀሙ የሚወስንላችሁ ይሄ ነው። ቁልፉ ከጠፋ ቨርቹዋሉም አይረዳችሁም፤ ዛሬውኑ ያለበትን ቦታ እወቁ።

አሮጌውን መቼ እንፎርማት ብላም ጠይቃለች። ቨርቹዋሉ ላይ ሥራ ተሠርቶ፣ ፕሪንተሩ ታትሞበት፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ከእሱ ጋር ተገናኝተው፣ የሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ። እስከዚያ ድረስ ዲስኩን አውጡና ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። አሁን ሻይ እየጠጣን ወደ ጠረጴዛው እንሂድ፤ ለመሞከር ያመጣሁት ኤክስፒ እዚያ ነው፣ ባዮሱን አብረን ከፍተን ሳታ ሞዱን ከማንበብ እንጀምራለን።